ዋቢ አጠቃቀስ፤ ስምን፣ ዘመንንና ቦታን አሟልቶ ስለ መጻፍ

በጁባ ከተማ ቡሉክ በሚባለው ሠፈር ከወላጆቹ ጋር የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ ለታሪክ ትምህርት ያዘጋጀውን ጽሑፍ እንድመለከትለት ሰጥቶኝ ነበር። ርእሱ የሱዳን መንግሥትና የደቡብ ሱዳን ታጋዮች ያደረጉት የአዲስ አበባ ስምምነት ነው። ልጁ ይህን ርእስ የመረጠው የወላጆቹ አገርና እሱ የሚያድግበት አገር በአንድ ታሪክ ውስጥ የሚገናኙበት ስለሆነ ነው። ጽሑፉ በንጹሕ የእጅ ጽሕፈት የተጻፈ፣ አሳቡም በቅጡ የተያያዘ ነበር። ሆኖም ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ እንዲህ የሚል አገኘሁ፤ «በ1964 አዲስ አበባ ላይ ስምምነት ተደረገ፤ ጦርነቱ ግን ስላልቆመ ከስምንት ዓመት በኋላ በ1972 ሁለተኛ ስምምነት ተፈረመ።»

እንደሚታወቀው ስምምነቱ አንድ ብቻ ነው። የተፈረመውም የካቲት 19 ቀን 1964 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይህ ቀን በኤውሮጳ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1972 ላይ ይውላል። ልጁ የመጀመሪያውን ቁጥር ከአባቱ የአማርኛ መጽሐፍ፣ ሁለተኛውን ከትምህርት ቤቱ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር የቀዳው። በመካከላቸው ያለውን ስምንት ዓመት ለመሙላትም ያልነበረ ጦርነትና ያልነበረ ድርድር ፈጠረ። ነገሩን የባሰ የሚያደርገው ደግሞ፣ በጁባ ለሚኖር አንባቢ እ.ኤ.አ. 1964 ራሱን የቻለ ትልቅ ዓመት መሆኑ ነው፤ በዚያ ዓመት በኦክቶበር ወር ካርቱም ላይ የተነሣው ሕዝባዊ ዐመፅ የጄኔራል አቡድን መንግሥት ጥሏል። ስለዚህ አስተማሪው የልጁን 1964 ሲያይ ከዚሁ ዐመፅ ጋር ያያይዘው ይሆናል እንጂ የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ነው ብሎ አይጠረጥርም።

ልጁ ሁለቱን መጻሕፍት ከፊቴ አስቀምጦ፣ «ጋሼ፣ ሁለቱም እኮ የታተሙ ናቸው፤ ታዲያ የዋሸው የቱ ነው?» አለኝ።

የዋሸ አልነበረም። በጽሑፉ መጨረሻ ላይ «ዋቢ መጻሕፍት» በሚል ርእስ ሥር የሦስት መጻሕፍት ስም ተደርድሯል፤ ያለ ደራሲ፣ ያለ ዓመተ ምሕረት፣ ያለ ገጽ። የትኛው ቃል ከየትኛው መጽሐፍ እንደ ተወሰደ የሚያመለክት ነገር በመሐሉ የለም። ልጁ ገና ሲጽፍ «ይህ ከዚህ፣ ያ ከዚያ» ብሎ በየቦታው ምልክት ቢያደርግ ኖሮ፣ ሁለቱ ቁጥሮች ከሁለት ዓይነት አቆጣጠር የመጡ መሆናቸውን ራሱ ይደርስበት ነበር። ዋቢ መጥቀስ ለአስተማሪ ደስታ ሲባል ከሥራው በኋላ የሚለጠፍ ጌጥ የሚመስላቸው ብዙ ተማሪዎች ስላሉ፣ ስለዚሁ ጉዳይ ትንሽ ለመጻፍ ተነሣሁ።

«ዋቢ» የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ያስተምራል። ዋቢ ማለት በሙግት ጊዜ ለሰው የሚቆም፣ «እኔ አለሁለት» የሚል ዋስ ነው። ዋቢ የተጠራ ሰው ሲፈለግ መገኘት አለበት፤ ስሙና ቀዬው ካልታወቀ ዋቢነቱ ዋጋ የለውም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤትም መምህራኑ የአንድምታ ትርጓሜ ሲሰጡ ከዳዊት ወይም ከጳውሎስ ቃል አምጥተው «እንዲል» ይላሉ። ምዕራፉንና ቁጥሩን መናገር አያስፈልጋቸውም ነበር፤ ከፊታቸው የተቀመጠው ተማሪ ዳዊትን በቃሉ ያውቃልና። የእኛ አንባቢ ግን ያነበብነውን ሁሉ አላነበበም። ከእኛ የሚፈልገው ያንኑ መጽሐፍ፣ ያንኑ ገጽ ራሱ ሊያገኝ የሚችልበትን አድራሻ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያርፈው በዚህ በአንዱ ነገር ላይ ነው። ነጠላ ሰረዝ የት ይግባ፣ ቅንፍ የት ይከፈት የሚለው ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ልማዱም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1904 ዓ.ም. እና እንደገና አስፋፍተው በ1920 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር አሳትመዋል።

አሁን ወደ ዘመን አቆጣጠሩ እንመለስ፤ በእኛ ጽሑፎች ውስጥ ትልቁ እንቅፋት ይህ ነውና። በኢትዮጵያና በኤውሮጳ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። የዐድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሆነ፤ እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1896 ማለት ነው። ተማሪው በእንግሊዝኛ በሚጽፈው ወረቀት ላይ 1888 ብሎ ዝም ካለ፣ የውጭ አገር አንባቢ ጦርነቱን ከንጉሠ ነገሥቱ ከዐፄ ዮሐንስ ዘመን ውስጥ ይከተዋል፤ እሳቸው ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1889 ነውና።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን የአዋጅ ቁጥር ነው። ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ዓምድ ለዓምድ ይታተማል፤ ስለዚህ አንዱ አዋጅ ሁለት ዓመት ይጻፍበታል። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ በአማርኛው ቁጥር 31/1967፣ በእንግሊዝኛው ቁጥር 31/1975 ነው። በዚህ ላይ መንግሥት ሲለወጥ ቁጥሩ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 1/1934 ነው። ጊዜያዊ ወታደራዊ መንግሥትን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 1/1967 ነው። የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በ1980 ዓ.ም. ሲወጣ በእንግሊዝኛው አዋጅ ቁጥር 1/1987 ተባለ። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት ደግሞ በነሐሴ 1987 ዓ.ም. ሲታወጅ በአማርኛው አዋጅ ቁጥር 1/1987 ሆነ። እንግዲህ አንድ ተማሪ በግርጌ ማስታወሻው «አዋጅ ቁጥር 1/1987» ብሎ ቢያበቃ፣ ያመለከተው ሁለት የተለያዩ መንግሥታት ያወጧቸውን ሁለት የተለያዩ ሕገ መንግሥታት ነው። አንደኛው ሌላውን የሻረ ሥርዓት ሕግ ሆኖ ሳለ ሁለቱ በአንድ ቁጥር ይጠራሉ! ስለሆነም ሕግ ሲጠቀስ የአዋጁ ሙሉ ስም፣ ቁጥሩና ዓመቱ፣ የጋዜጣው ስም፣ የጋዜጣው ዓመትና ቁጥር፣ የወጣበት ቀን ይጻፋል፤ ከዓመቱ በኋላም «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለው ምልክት አይቀርም።

የዘመን አጻጻፍ ደንቡ እንዲህ ቢሆን ይሻላል እላለሁ። ዓመቱ በመጽሐፉ ላይ በታተመው አቆጣጠር እንዳለ ይቀዳል፤ የሌላው አቆጣጠር ካስፈለገ አጠገቡ በቅንፍ ይጨመራል። የመጽሐፉን ዓመት ሰርዞ በራስ ስሌት መተካት አደገኛ ነው፤ አንባቢው በቤተ መጻሕፍት የሚፈልገው በሽፋኑ ላይ ያለውን ቁጥር ነውና። ወሩ ሳይታወቅ ዓመት ብቻ ሲኖር ደግሞ የኛ አንድ ዓመት በሁለት የኤውሮጳ ዓመታት ላይ ስለሚያርፍ ሁለቱም ይጻፋሉ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ ብለን በእንግሊዝኛ ስንጽፍ 1958 ብለን በቅንፍ 1965/66 ማለት ይገባናል። ደፍሮ አንዱን መምረጥ ያልታወቀውን እንደ ታወቀ አድርጎ መናገር ይሆናል።

ከዘመን ቀጥሎ የሚያስቸግረው ስም ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚሠራባቸው የውጭ አገር መመሪያዎች፣ ለምሳሌ በአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበር የወጣውና በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ከ1906 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታተመው፣ የቤተ ሰብ ስም ይቅደም የሚለውን ደንብ መነሻ ያደርጋሉ። ኢትዮጵያዊ ግን የቤተ ሰብ ስም የለውም። ሁለተኛው ስም የአባት የግል ስም ነው። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ታላቅ መጽሐፍ በኦክስፎርድ አሳትመዋል፤ በብዙ የውጭ ጽሑፎች ግርጌ «ታምራት፣ ታ.» ተብለው ይገኛሉ። «ታምራት እንደሚለው» ብሎ የሚጽፍ ሰው መጽሐፉን ላልጻፉት ለአባታቸው ሰጠው ማለት ነው። የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴም ነገር እንዲሁ ነው። በሁለት ቃል በሚጻፉ ስሞች ላይ ደግሞ ጥፋቱ ወደ ሳቅ ይደርሳል፤ የዝክረ ነገር ደራሲ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በኮምፒዩተር ሲመዘገቡ የመጨረሻው ቃል ተቈርጦ «መስቀል፣ ማ. ሥ. ወ.» ሊሆኑ ይችላሉ።

የደቡብ ሱዳን ልጆች ይህን ሲሰሙ አይደነቁም፤ የእነሱም ስም እንዲሁ ነውና። ጆን ጋራንግ ዴ ማቢዮር ሲባል ጆን የክርስትና ስም፣ ጋራንግ የራሳቸው ስም፣ «ዴ ማቢዮር» የማቢዮር ልጅ ማለት ነው። ፍራንሲስ ማዲንግ ዴንግ የታወቁ ምሁር ናቸው፤ ዴንግ የአባታቸው ስም ሲሆን አባታቸው የንጎክ ዲንካ ባላባት ዴንግ ማጆክ ነበሩ። ምሁሩ እ.ኤ.አ. በ1986 የአባታቸውን የሕይወት ታሪክ ጽፈው ሲያሳትሙ በውጭው ደንብ «ዴንግ፣ 1986» ሆኖ ተመዘገበ። አንድ ተማሪ ከዚህ መጽሐፍ ጠቅሶ «ዴንግ እንደሚለው» ቢል፣ የሚናገረው አባት ይሁን ልጅ በምን ይታወቃል?

ስለዚህ የኔ አስተያየት የሚከተለው ነው። በአማርኛ ጽሑፍ የኢትዮጵያውያን ስም ሳይገለበጥ፣ የራስ ስም ቀድሞ የአባት ስም ተከትሎ ይጻፍ። በእንግሊዝኛም ቢሆን «የጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ» አዘጋጆች ሲሠሩበት የቆየው ይኸው ስለሆነ ለመከተል የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ትምህርት ቤቱ ወይም መጽሔቱ የግድ ይገልበጥ ካለ መታዘዝ ነው፤ ነገር ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ከዝርዝሩ በላይም «የኢትዮጵያውያን ሁለተኛ ስም የአባት ስም ነው» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። ብላቴን ጌታ፣ ጸሐፌ ትእዛዝ፣ ዶክተር፣ መምሬ የመሳሰሉት መዓርጎች በጽሑፉ ውስጥ በአክብሮት ይነገራሉ እንጂ የዝርዝሩ መነሻ አይሆኑም። ሰው መዓርጉ ሲያድግ በአንዱ መጽሐፉ ባላምባራስ፣ በሌላው ደጃዝማች ተብሎ ይገኛልና በመዓርጉ የሚፈልገው አንባቢ ይጠፋዋል።

ስለ ፊደልም አንድ ነገር ልበል። ኅሩይ በ«ኀ» ነው ወይስ በ«ሐ» ወይስ በ«ሀ»? በመጽሐፉ የስም ገጽ ላይ እንደ ተጻፈ ይቀዳል፤ ዝርዝሩ በፊደል ተራ ሲደረደር ግን ሦስቱ «ሀ»ዎች በአንድ ላይ፣ ሁለቱ «ሰ»ዎችም በአንድ ላይ ቢሆኑ ፈላጊው አይንከራተትም። በላቲን ፊደል ሲሆን ችግሩ ይበዛል። የዐፄ ምኒልክን ዜና መዋዕል የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ፣ እ.ኤ.አ. በ1930 እና 1931 ፓሪስ ላይ በወጣው የፈረንሳይኛ ትርጉም ስማቸው በፈረንሳይ አነባበብ ተጽፎ ይገኛል፤ በእንግሊዝኛ ጽሑፎች ሌላ ነው። እዚህም ላይ የሚቀዳው መጽሐፉ የያዘው አጻጻፍ ነው።

የመጽሐፍ አጠቃቀስ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው፤ ደራሲ፣ ርእስ፣ እትም፣ የታተመበት ከተማ፣ አሳታሚ ወይም ማተሚያ ቤት፣ ዓመት፣ ገጽ። በአማርኛ መጻሕፍት ላይ ብዙ ጊዜ አሳታሚው ደራሲው ራሱ ስለሆነ፣ በሽፋኑ ጀርባ የሚገኘው ማተሚያ ቤቱ ነው፤ ብርሃንና ሰላም ወይም ንግድ ማተሚያ ቤት። ይኸው ይጻፍ። እትሙን መዝለል ግን አይገባም። ዝክረ ነገር አንድ ጊዜ በ1942 ዓ.ም.፣ ሁለተኛ ጊዜ በ1962 ዓ.ም. ታትሟል። «ዝክረ ነገር፣ ገጽ ይህን ያህል» የተባለ አንባቢ በእጁ ያለው የሌላው እትም ከሆነ ገጹ ላይጣጣምለት ይችላልና አሟልቶ፣ «ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል፣ ዝክረ ነገር፣ ሁለተኛ እትም፣ አዲስ አበባ፣ 1962 ዓ.ም.» ብሎ ገጹን ማስከተል ነው። ለጋዜጣ ደግሞ የጋዜጣው ስም፣ ዓመቱ፣ ቁጥሩ፣ ቀኑና ገጹ ይበቃል። አዲስ ዘመን ከግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚወጣ ስለሆነ «አዲስ ዘመን ላይ አነበብኩ» ማለት ሰማንያ ዓመት የሚያልፍ ወረቀት ገልብጥ እንደ ማለት ነው።

የብራና መጽሐፍ ከዚህ ይለያል፤ እያንዳንዱ ብራና በእጅ ስለሚጻፍ አንዱ ከሌላው ጋር ፍጹም አይመሳሰልም፤ ደራሲና ዓመት ብዙ ጊዜ የለውም። አድራሻው ያለበት ቤትና የመዝገብ ቁጥሩ ነው። ለዚህ ከመቅደላ መጻሕፍት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከወሰዳቸው መጻሕፍት መካከል ሁለት የክብረ ነገሥት ቅጂዎች ነበሩ፤ በብሪቲሽ ሙዚየም አንዱ ኦሪየንታል 818፣ ሌላው ኦሪየንታል 819 ተብሎ ተመዘገበ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው እ.ኤ.አ. በ1872 ጽፈው ስለ ጠየቁ 819 ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ፤ 818 ግን እዚያው ቀረ። «ክብረ ነገሥት፣ ለንደን» ብሎ የሚጠቅስ ሰው ከነዚህ የትኛውን እንዳየ አይታወቅም፤ አንዱ ወደ አገሩ ገብቷል፣ ሌላው ባሕር ማዶ ነው፤ የሚለያያቸው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚጻፈው ቅጠሉ ነው። ብራና የሚቈጠረው በቅጠል እንጂ በገጽ አይደለምና፣ የቅጠሉ ፊት «ሀ»፣ ጀርባው «ለ» ተብሎ «ቅጠል 12 ለ» ይባላል። በገዳማትና በአድባራት ያሉ መጻሕፍት ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዙ ሺህ እየተቈጠሩ በማይክሮፊልም ተነሥተው በአሜሪካ በሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ ፊልሙን ያየ ተማሪ የፊልሙን ቁጥር ይጻፍ፤ ብራናውን እንዳየ አስመስሎ የገዳሙን ስም ብቻ አይጻፍ።

ለመዝገብ ቤት ወረቀትም ይኸው ነው፤ የቤቱ ስም፣ የሣጥኑና የፋይሉ ቁጥር፣ የደብዳቤው ላኪና ተቀባይ፣ ቀኑ። የደቡብ ሱዳን ብሔራዊ መዝገብ ቤት ሰነዶች ጁባ ውስጥ ለዓመታት በድንኳን ሥር ተከማችተው፣ ለዝናብና ለምስጥ ተጋልጠው ነበር፤ በኋላ በሪፍት ቫሊ ኢንስቲትዩት እርዳታ ተለይተው፣ ተመዝግበው ፎቶግራፍ እየተነሡ ወደ ቤት ገብተዋል። እንዲህ ባለ ጉዞ ያለፈ ወረቀት ቁጥሩ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ያዩበትን ቀን ጨምሮ መጻፍ ይጠቅማል።

የቡሉኩ ልጅ ከመጻሕፍቱ ሌላ አንድ ምንጭ ነበረው። ከስምምነቱ በኋላ ከስደት የተመለሱ አንድ ጎረቤት ሽማግሌ በልጅነታቸው ያዩትን ነግረውታል። ከጽሑፉ ሁሉ የሚሻለው ክፍል ይኸው ነበር። በወረቀቱ ላይ ግን «ሰዎች እንደሚሉት» ይላል። እዚህ ላይ ልጁን ለመውቀስ አፌ አልደፈረም፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ ለመመረቂያ በጻፍኩት ወረቀት ላይ «አንድ አረጋዊ እንደ ነገሩኝ» ብዬ አልፌያለሁና። እኒያ አረጋዊ አሁን በሕይወት የሉም። ስማቸውን፣ ቀኑን፣ የነገሩኝንም ቦታ አልመዘገብኩም፤ ሌላ ሰው እሳቸውን ጠቅሶ እንዲጽፍ፣ ልጆቻቸውም ቃላቸውን እንዲያገኙ የሚያስችል ነገር አላስቀረሁም። ይህ ዛሬም ይቈጨኛል።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች በመመረቂያ ጽሑፋቸው መጨረሻ የነጋሪዎችን ዝርዝር የማስገባት መልካም ልማድ አላቸው፤ ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ የተነገረበት ቦታና ቀን። በጁባ ላለ ተማሪ ሁለት ነገር ይጨመራል። አንደኛው ቋንቋው ነው። ሽማግሌው የተናገሩት በባሪ ወይም በጁባ ዐረብኛ ሆኖ ጽሑፉ በሌላ ቋንቋ ከሆነ፣ ማን እንደ ተረጐመ ይገለጽ። ሁለተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው። በዚህ ከተማ ከታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. (ዲሴምበር 2013 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሰው በስሙና በትውልዱ ምክንያት የሞተበት ጊዜ አልፏል። የነጋሪን ስም፣ ጎሣና ሠፈር በወረቀት ላይ ማውጣት ሰውየውን ለጉዳት አሳልፎ መስጠት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነጋሪው አስቀድሞ ይጠየቃል። አልፈቅድም ካለ «ነጋሪ 1»፣ «ነጋሪ 2» ተብሎ ይጠቀሳል፤ የስሙ ዝርዝር ከወረቀቱ ጋር አይያያዝም፤ ለጥንቃቄ ተለይቶ ይቀመጣል። እንዲህ ያደረገ ተማሪ ዋቢውን ደበቀ ተብሎ ማርክ ሊቀነስበት አይገባም። ይህን የምጽፈው በተለይ ለመምህራን ነው።

ምንጭ የሌለው ነገር ደግሞ ምን እንደሚመስል ከዚያው ሠፈር ስም ማየት ይቻላል። ቡሉክ የቱርክ ቃል ነው፤ የወታደር ጓድ ማለት ነው፤ በጣሊያን ጊዜ የነበሩ አባቶቻችን «ቡሉክ ባሺ» የሚለውን መዓርግ ያውቁታል። ሠፈሩ ዛሬ የፖሊስ መሥሪያ ቤት ያለበት ነውና፣ ሁለቱን አገናኝቶ «ሠፈሩ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው» ብሎ መጻፍ ያጓጓል። ልጁም ጽፎታል። ነገሩ ደስ የሚል ግምት ነው፤ ነገር ግን ዋቢ ስላልነበረው «ይመስለኛል» የሚል ቃል እንዲጨምርበት አደረግሁ።

ዛሬ አብዛኛው ንባብ በስልክ ሆኗል። በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ሽፋኑና የመጀመሪያ ገጾቹ የተቈረጡ ናቸው። እንዲህ ያለውን ያነበበ ተማሪ የጎደለውን ከራሱ አይሙላ፤ «የኅትመት ዓመት ያልታየ» ብሎ ይጻፍ፤ የመረብ አድራሻውንና ያነበበበትን ቀን ያስቀምጥ። በአሁኑ ጊዜ ጥያቄ ሲጠየቁ የሚመልሱ ማሽኖችም መጥተዋል። እነዚህ ማሽኖች የደራሲ ስም፣ የመጽሐፍ ርእስና ገጽ አሳምረው ይደረድራሉ፤ መጽሐፉ ግን አንዳንዴ ከነጭራሹ የለም። ተማሪው ራሱ ከፍቶ ያላየውን መጽሐፍ በዝርዝሩ ውስጥ እንዳያስገባ አጥብቆ መንገር ያስፈልጋል።

ይህ ያላዩትን የመጥቀስ ነገር ከማሽን በፊትም የነበረ በሽታ ነው። ልጁ በወረቀቱ አቤል አሊየርን ጠቅሷል። አቤል አሊየር በድርድሩ የሱዳንን መንግሥት ልዑካን የመሩ፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ ፈረሱት ስምምነቶች መጽሐፍ ያሳተሙ ሰው ናቸው። መጽሐፉን አይተኸዋል ወይ ብለው አላየም፤ ቃሉን ያገኘው በሌላ ደራሲ መጽሐፍ ውስጥ ነው። እንዲህ ሲሆን «አቤል አሊየር፣ በእገሌ መጽሐፍ፣ ገጽ ይህን ያህል እንደ ተጠቀሰው» ማለት ነው። ከዚህም ጋር ጸሐፊው የነገሩ ተካፋይ መሆናቸውን በአንድ ሐረግ መንገር ደግ ነው፤ ተደራዳሪ ስለ ድርድሩ ሲናገርና ከውጭ ያየ ሲናገር ልዩነት አለው። «ዝኒ ከማሁ» የሚለው የግዕዝ ሐረግ ከላይ የተጠቀሰው ያው ነው ለማለት በግርጌ ይገባል፤ ያማረ ቃል ስለሆነ ተማሪዎች ይወዱታል። ጽሑፉ ሲታረም በመካከል ሌላ ማስታወሻ ከገባ ግን «ያው» የተባለው ሌላ ይሆናል። ስለዚህ የመጨረሻው ንጹሕ ቅጂ እስኪጻፍ ድረስ ባይጠቀሙበት እመክራለሁ።

ልጁ ወረቀቱን በአንድ ሳምንት ውስጥ እንደገና ጻፈው። ሁለተኛው ስምምነት ጠፋ፤ በቦታው «የካቲት 19 ቀን 1964 ዓ.ም. (ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1972 እ.ኤ.አ.)» የሚል ገባ፤ ከሥሩም ሁለቱ መጻሕፍት ከነገጻቸው ተጠቀሱ። ጎረቤታቸውን ሽማግሌ ስማቸው እንዲጻፍ ይፈቅዱ እንደሆነ ሲጠይቃቸው በመጀመሪያ አሰብ አድርገው ዝም አሉ አለኝ። በማግሥቱ ራሳቸው አስጠሩትና የራሳቸውን፣ የአባታቸውንና የአያታቸውን ስም በተራ ነገሩት፤ ፊደሉንም እየቈጠሩ አስጻፉት። በዝርዝሩ ውስጥ በራሳቸው ስም ተራ ገቡ።